ጎተራ ሲጎድል የሚደርስ ብር

ጥር ሲገባ የባሌ ደጋ መንገዶች በአይሱዙ ይጨናነቃሉ። ኮምባይነሩ የሮቤን ሜዳ ስንዴ አጭዶና ወቅቶ ሲጨርስ ጆንያው ከማሳ ዳር እየተነሳ ወደ መጋዘን ይጋዛል። ከሮቤ ወደ ምሥራቅ የሚወርደው፣ ጎሮን አቋርጦ ሶፍ ዑመር ዋሻ የሚያደርሰው መንገድም የራሱን ጭነት ያመጣል፤ ስንዴ፣ ጤፍ፣ አብሽ፣ ጥቁር አዝሙድ። በእነዚህ ሳምንታት ገበያ የዋለ ሰው ቀድሞ ሚዛን ላይ የሚወጣው የድሃው እህል መሆኑን ለማስተዋል ጊዜ አይፈጅበትም። ሰፊ ማሳ ያለው ገበሬ ምርቱን ቆልፎ ዋጋው እስኪነሳ ይጠብቃል። ግማሽ ሄክታር ያለው ግን የማዳበሪያ ዕዳ፣ የኮምባይነር ኪራይና ከጎረቤት የተበደረው ብር ስላለበት፣ በአህያ ጭኖ ያመጣትን ሁለት ኩንታል ዋጋው እጅግ በወረደበት ቀን ይሸጣታል።

ከወራት በኋላ ያው ሰው ባዶ ጆንያ ይዞ ወደዚያው ገበያ ይመለሳል። አሁን ገዢ ነው። በጥር የሸጠውን ዓይነት እህል ከነትርፉ መልሶ ይሸምታል።

በርካሽ ሸጦ በውድ መግዛት የኢትዮጵያ አነስተኛ ገበሬ የቆየ ዕዳ ነው። ላለፉት ሃያ ዓመታት በኢትዮጵያም ሆነ በሌሎች የአፍሪካ አገሮች የተካሄደው «ለድሃ ቤተሰብ ብር በእጁ ቢሰጠውስ?» የሚለው ሙከራ ከዚህ ዕዳ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። ሥራ ሳይጠየቅበት፣ ምን ግዛበት ሳይባል፣ መልስ ሳይባል የሚሰጥ ብር የአንድን ገበሬ ቤተሰብ ኑሮ እንዴት ይለውጣል? ከጥናቶቹ ተደጋግሞ የሚወጣው መልስ የገንዘቡን መጠን ያህል የሚደርስበትን ጊዜ ይመለከታል።

የአንድ ጎተራ ሒሳብ

ነገሩ በወረቀት ላይ እንዲታይ ስድስት ነፍስ ያለበትን አንድ ቤተሰብ በምሳሌነት እንውሰድ። ግማሽ ሄክታር መሬት፣ አንድ በሬና ጥቂት በጎች አሉት። ስንዴ ዘርቶ በጥር 12 ኩንታል ያስገባል እንበል። በኢትዮጵያ የምግብ ዋስትና ፕሮግራሞች ለአንድ ሰው ለወር የሚታሰበው እህል 15 ኪሎ ነው። በዚህ ልክ ስድስት ሰው በወር 90 ኪሎ፣ በዓመት ወደ 11 ኩንታል ይበላል። ስለዚህ 12 ኩንታል ካልተነካ ከጥር እስከ ጥር ያደርሳል።

ግን ይነካል። ለዕዳ፣ ለኪራይና ለልብስ 4 ኩንታል ወዲያው ይሸጣል። የቀረው 8 ኩንታል የሚዘልቀው እስከ መስከረም መጨረሻ ነው። ጥቅምት፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ጎተራው ባዶ ነው፤ የሚሸመተው 270 ኪሎ ነው። የእህል ዋጋ ከመኸሩ ወቅት በ40 በመቶ ቢወደድ፣ ያንን 270 ኪሎ ለመግዛት በጥር ዋጋ 378 ኪሎ የሚያህል ገንዘብ ያስፈልጋል። ልዩነቱ ከአንድ ኩንታል ይበልጣል። ይህ ቤተሰብ ማሳው ላይ ምንም ሳያጠፋ፣ በመሸጫና በመግዣ ቀን መራራቅ ብቻ፣ ስድስት ሰው ለአንድ ወር ከሳምንት የሚበላውን እህል አጣ።

ቀሪው መዘዝ ከዚህ ይከተላል። የሚሸመትበት ብር ከየት ይመጣል? መጀመሪያ በጓ ትሸጣለች። ቀጥሎ ከነጋዴ በአራጣ ይወሰዳል፤ አለዚያም ያልደረሰው ሰብል ማሳው ላይ እንዳለ በቅድሚያ ይሸጣል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ። ዘር መግዣ ወይም በሬ ማጣመሪያ ያጣው መሬቱን በእኩል ወይም በኮንትራት ለሌላ ይሰጥና በገዛ ማሳው የሌላ ሰው የቀን ሠራተኛ ሆኖ ይውላል። ትልቁ ልጅ ከትምህርት ቤት ቀርቶ የሰው ከብት ሊጠብቅ ይሄዳል። እያንዳንዱ እርምጃ የዛሬን ረሃብ ያስታግሳል፤ የሚቀጥለውን ዓመት ጎተራ ግን የበለጠ ያጎድለዋል።

ባሌ ከብዙው የኢትዮጵያ ደጋ የሚሻልበት ነገር አለው፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ያመርታል። በመጋቢት ገደማ የሚገባው ዝናብ ጋና፣ ከሐምሌ በኋላ ያለው ወቅት ቦና ይባላል። አንዱ ቢከፋ ሌላው ይክሳል ተብሎ ይታሰባል። ሁልጊዜ ግን አይክስም። በ2003 ቢጫ ዋግ የባሌንና የአርሲን ስንዴ መታው። በ2006 ደግሞ የግንድ ዋግ «ዲገሉ» የተባለውንና ብዙ ገበሬ የዘራውን ዝርያ አነደደው። ከ2013 ጀምሮ በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ቆላዎች አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ የባሌ ቆላም ከተጎዱት አንዱ ነበር። ጎሮ ከስንዴው ደጋ ወደ አርብቶ አደሩ ቆላ በሚወርደው መንገድ ላይ በመሆኑ የሁለቱም ወገን ችግር ያገኘዋል።

ከስንዴ እርዳታ ወደ ብር

በ1995 ድርቅ ከ13 ሚሊዮን በላይ ኢትዮጵያውያን አስቸኳይ እርዳታ ፈልገው ነበር። ያ ቁጥር መንግሥትንና ለጋሾችን አንድ ጥያቄ ፊት አቆማቸው። በየዓመቱ ዝናብ ቢጥልም ባይጥልም እህል የሚጠብቁት ሚሊዮኖች አስቀድመው የሚታወቁ ከሆነ፣ በየዓመቱ እንደ አዲስ ልመና መውጣት ለምን ያስፈልጋል? መልሱ በ1997 የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ሆነ። ለቤተሰቡ ለብዙ ዓመት የታወቀ ክፍያ መስጠት፣ በተቻለ መጠንም ከእህል ይልቅ በብር መክፈል የፕሮግራሙ ዋና ሐሳብ ነበር።

ገጠር ላይ ስሙ አጥሮ «ሴፍቲኔት» ሆኗል። ከ5 ሚሊዮን በማይበልጡ ሰዎች ተጀምሮ 8 ሚሊዮን ገደማ ደርሷል፤ በአፍሪካም ካሉት የዚህ ዓይነት ፕሮግራሞች ትልልቆቹ መካከል ነው። ሁለት በር አለው። ጉልበት ያለው ሰው በአንደኛው በር ይገባል፤ በወር እስከ አምስት ቀን እርከን ይሠራል፣ ኩሬ ይቆፍራል፣ የገጠር መንገድ ይጠርጋል። ከተጠቃሚው አብዛኛው በዚህ በኩል ነው። ሁለተኛው በር «ቀጥታ ድጋፍ» ይባላል። አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞች፣ በጽኑ የታመሙና የሚሠራ ሰው የሌለበት ቤት ሥራ ሳይጠየቁ ይከፈላቸዋል። እርጉዞችና አራሶችም ለጊዜው ከአካፋና ከዶማ ነፃ ሆነው ወደዚህ ይዛወራሉ። ያለ ቅድመ ሁኔታ የሚሰጥ ብር በኢትዮጵያ ገጠር በስፋት የሚታየው በዚህ በሁለተኛው በር ነው።

የክፍያ ቀን ከሩቅ ይታወቃል። በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግቢ ከዛፍ ሥር ከዘራ የያዙ አዛውንቶች፣ የልጅ ልጃቸውን ያዘሉ አያቶች፣ ለአልጋ ቁራኛው አባት ወኪል ሆኖ የመጣ ወጣት ተደርድረው ይቀመጣሉ። ቀድሞ ገንዘብ ያዥ ከወረዳ በመኪና ብር ጭኖ ይመጣ ነበር። መመሪያው የክፍያ ቦታ ከተጠቃሚው ቤት ከሦስት ሰዓት የእግር መንገድ እንዳይርቅ ያዝዛል፤ ለአንዲት የሰባ ዓመት አሮጊት ግን ደርሶ መልስ ስድስት ሰዓት ማለት ነው። በኋላ እንደ ኤም ብር፣ ሄሎካሽና ሲቢኢ ብር ያሉ የስልክና የወኪል ክፍያዎች በብዙ ወረዳዎች ገቡ። ኔትወርክ ባለበት ቦታ ይህ መንገዱን አሳጥሮላቸዋል። ስልክ የሌላቸው ወይም የምሥጢር ቁጥራቸውን ሌላ ሰው የያዘባቸው ግን አዲስ ዓይነት ጥገኝነት አግኝቷቸዋል።

ብሩ ቤት ሲገባ

በትግራይ፣ በሕንጣሎ ወጀራት ወረዳና በዓብዪ ዓዲ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2014 የማኅበራዊ ጥሬ ገንዘብ ድጋፍ ሙከራ ተካሂዶ ነበር። የክልሉ መንግሥት በዩኒሴፍ ድጋፍ ያካሄደው ይህ ሙከራ እጅግ ድሃ የሆኑና የሚሠራ ጉልበት የሌላቸውን ከ3,700 በላይ ቤተሰቦች ያዘ። ለአንድ ቤት የወሩ መነሻ ክፍያ 155 ብር ነበር፤ በየሕፃኑ 25 ብር ይታከላል። ማን ይገባል የሚለውን የሚያጣሩት የማኅበረሰብ ክብካቤ ጥምረት የሚባሉ፣ ከመንደሩ ሰው የተውጣጡ ቡድኖች ነበሩ።

155 ብር ያኔም ቢሆን ሀብት አልነበረም። ሆኖም የቀኑ መታወቅ የራሱ ዋጋ አለው። በወሩ መጨረሻ ብር እንደሚመጣ የምታውቅ ሴት ከባለ ሱቁ ዘይትና ጨው በዱቤ መውሰድ ትችላለች። ባለ ሱቁም ይሰጣታል፤ ከየት እንደምትከፍለው ያውቃል። የዕድር ወርኃዊ መዋጮዋን ስለምትከፍል ከማኅበሩ አትወጣም፤ ቀብር ሲመጣ ብቻዋን አትቀርም። በድህነት ከጎረቤት ተርታ ወጥታ የነበረች አያት ሰው ቤት ቡና ስትጠራ በምላሹ የምትጠራበት ስኳር አላት። ገቢና ወጪ የሚመዘግብ መጠይቅ ይህን አይጽፈውም፤ የገጠር ኑሮ የሚቆመው ግን በዚህ ዓይነት መተማመን ላይ ነው።

የሚለካውም ለውጥ አለ። ጉሽ ብርሃኔ፣ ዳንኤል ጊሊጋን፣ ጆን ሆዲኖት፣ ነሐ ኩማርና ዓለማየሁ ሥዩም እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ በሴፍቲኔት የማኅበረሰብ ሥራ ለአምስት ዓመት ክፍያ ያገኙ ቤተሰቦች ለአንድ ዓመት ብቻ ካገኙት ጋር ሲነጻጸሩ የረሃብ ወራቸው በ1.29 ወር አጥሮ ተገኝቷል። ከብታቸውም በአማካይ በ0.38 የእንስሳት መለኪያ ጨምሯል። በመለኪያው አንድ በግ ወይም ፍየል 0.1 ስለሚያዝ ጭማሪው ወደ አራት በግ ይጠጋል።

ብሩ በአብዛኛው ለእህል የሚውል ከሆነ በጎቹ ከየት መጡ? ከላይ ወዳየነው ጎተራ መመለስ ነው። ለጥቅምት ሽመታ የምትሸጠው በግ ሳትሸጥ ቀረች፤ በሚቀጥለው ዓመት ወለደች። ብዙ ሰው ለድሃ ብር ከተሰጠው ምን ገዛበት ብሎ ይጠይቃል። በገበሬ ቤት ከሚገዛው የማያንሰው ሳይሸጥ የሚቀረው ነው፤ በጓ፣ ዘሩ፣ መሬቱ፣ የልጁ የትምህርት ዓመት።

«ለጫት ነው የሚሆነው»

በየቡና ቤቱና በየስብሰባው የሚነሳው ሥጋት ግን ሌላ ነው። ብሩ ለጫት፣ ለሲጋራ፣ ለመጠጥ ይውላል፤ ሰውም ይሰንፋል ይባላል። ይህ ክርክር ባሌም አለ፣ ጎንደርም አለ፣ ኬንያም አለ። የዓለም ባንክ ባለሙያዎች የነበሩት ዴቪድ ኢቫንስና አና ፖፖቫ ከአፍሪካ፣ ከእስያና ከላቲን አሜሪካ የተሰበሰቡ 19 ጥናቶችን መርምረው የደረሱበት ውጤት ሥጋቱን አልደገፈም። ብር የተሰጣቸው ቤተሰቦች ለአልኮልና ለትምባሆ የሚያወጡት በጥቅሉ አልጨመረም፤ እንዲያውም በብዙ ቦታ ቀንሷል።

የብሩ ተቀባይ ባል ይሁን ወይስ ሚስት የሚለውም ሌላው ጥያቄ ነው። ዮሐነስ ሃውስሆፈርና ጄረሚ ሻፒሮ በምዕራብ ኬንያ ራሪዬዳ ባካሄዱት ሙከራ ባልና ሚስትን በዕጣ ለይተው ከፍለዋል። የምግብ ወጪውና ንብረቱ በሁለቱም በኩል ጨመረ፤ ተቀባዩ ማን መሆኑ ብዙ ለውጥ አላመጣም። ለውጥ ያመጣው አከፋፈሉ ነበር። በየወሩ የተከፈላቸው በምግብ ረገድ የተሻለ ተረጋጉ። በአንዴ የተሰጣቸው ደግሞ ንብረት አፈሩ፤ ከሳር ክዳን ወደ ቆርቆሮ የተሸጋገሩም ብዙ ነበሩ። ይህ ማንንም የገጠር ሰው አያስገርምም። ሳንቲም በሳንቲም የመጣ ብር ሽሮና በርበሬ ይሆናል፤ በአንዴ የመጣ ብር ቆርቆሮ ወይም ጊደር ይሆናል።

ለተቸገረ ሰው ያለ ጥያቄ መስጠት ባሌ ውስጥ ከውጭ የመጣ ነገርም አይደለም። ብዙው ሕዝብ ሙስሊም በሆነበት በዚህ አካባቢ ዘካ ከሴፍቲኔት በብዙ መቶ ዓመት ይቀድማል። በዝናብ ከበቀለ እህል፣ ልኩን ከሞላ፣ ከዐሥር አንዱ ለድሃ ይወጣል፤ በመስኖ ከሆነ ከሃያ አንዱ። ተቀባዩ እርከን ሥራ አይባልም። በኦሮሞ ልማድም ቡሳ ጎኖፋ አለ። ከብቱ ያለቀበትን፣ ቤቱ የተቃጠለበትን ዘመድና ጎሣ አዋጥቶ መልሶ ያቋቁመዋል። የኦሮሚያ ክልል መንግሥት በቅርብ ዓመታት ይህን ልማድ በስሙ ተቋም አቋቁሞለታል። ሁለቱም ሥርዓቶች በአንድ ነገር ይስማማሉ። የሚሰጥበት ሰዓት የታወቀ ነው፤ ዘካ እህሉ ሲወቃ፣ ቡሳ ጎኖፋ ጉዳቱ ሲደርስ።

ብሩ ከግቢ ሲወጣ

በቀጥታ ድጋፍ የምትረዳ አሮጊት በክፍያ ቀን ማምሻውን የተቀበለችውን ብር አብዛኛውን በመንደሯ ታጠፋዋለች። ከጎረቤት ገበሬ ስንዴ ትገዛለች፣ ለወፍጮ ቤት ትከፍላለች፣ ለባለ ባጃጁ ትሰጣለች፣ የልጅ ልጇን ሱሪ ልብስ ሰፊ ዘንድ ትወስዳለች። ልብስ ሰፊውም ያንኑ ብር ይዞ ከጎረቤቱ ዶሮ ይገዛል። የምግብና እርሻ ድርጅት ተመራማሪዎች የትግራዩን ሙከራ ሲመረምሩ በሕንጣሎ ወጀራት አንድ ብር ድጋፍ በአካባቢው እስከ 2.52 ብር ገቢ ሊፈጥር እንደሚችል በሞዴል አስልተዋል። በዓብዪ ዓዲ ከተማ ግን 1.35 ብር ነበር። ገጠሩ የሚገዛውን ራሱ ስለሚያመርት ብሩ እዚያው ይዞራል፤ ከተማው የሚገዛው ከሌላ ቦታ ስለሚመጣ ብሩ ቶሎ ይወጣል።

በሞዴል የተሰላው በኬንያ ሲያያ አውራጃ በተግባር ተፈተነ። ከ10,500 በላይ ድሃ ቤተሰቦች እያንዳንዳቸው 1,000 ዶላር ገደማ ሲቀበሉ የአካባቢው ኢኮኖሚ ለእያንዳንዱ ዶላር ወደ 2.5 ዶላር የሚጠጋ እንቅስቃሴ አሳየ። ብር ሳይደርሳቸው የቀሩ ጎረቤቶችም ኑሯቸው ተሻሻለ። ዋጋ ይንራል ተብሎ የተፈራው ከ0.1 በመቶ ገደማ አላለፈም።

እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ተከታይ ጥናት ከዚሁ አውራጃ ይበልጥ አስደናቂ ነገር ይዞ መጣ። ብሩ በደረሰባቸው ቤቶች ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር ወደ ግማሽ ወረደ። ውጤቱ የጎላው ብሩ በወሊድ ሰሞን በደረሰባቸው ቤቶች ነበር። እናቶች በእርግዝናቸው የመጨረሻ ወራት ከከባድ ሥራ አረፉ፤ ጤና ተቋም ሄደው ወለዱ። ያው ብር ከወራት በፊት ወይም በኋላ ቢመጣ ያን ያህል ሕይወት አያተርፍም ነበር። የሴፍቲኔት እርጉዝን ከዶማ ነፃ የማድረግ ደንብ በትክክል ከተሠራበት ምን ያህል እንደሚጠቅም ከዚህ መገመት ይቻላል።

ብሩ ሲያንስና ሲዘገይ

ብር ግን የሚያልቅ ብቻ ሳይሆን የሚሟሽሽም ነገር ነው። ሴፍቲኔት ሲጀመር የቀን ሥራው ክፍያ 6 ብር ነበር፤ ሦስት ኪሎ እህል እንዲገዛ ታስቦ የተተመነ። ኪሎው 2 ብር በነበረበት ጊዜ ሒሳቡ ይሠራ ነበር። በ2000 የእህል ዋጋ ከእጥፍ በላይ ተተኮሰ። ክፍያው ወደ 8 ብር፣ ቀጥሎም ወደ 10 ብር ከፍ አለ፤ ገበያው ግን ቀድሞት ሄዶ ነበር። ኪሎ እህል 5 ብር ሲገባ 8 ብር የሚገዛው 1.6 ኪሎ፣ ከታሰበው ግማሽ ገደማ ብቻ ነው። ስቴፈን ዴቨሩና ሬቸል ሳባቴስ ዊለር እ.ኤ.አ. በ2006 እና በ2008 ተጠቃሚዎችን ሲጠይቁ ብዙዎች ብሩን ትተው እህሉን መምረጣቸውን መዝግበዋል። ተጠቃሚዎቹ ሒሳብ ያውቃሉ። አሥራ አምስት ኪሎ እህል ነገም አሥራ አምስት ኪሎ ነው።

ይህ ታሪክ አልፎ የቀረ አይደለም። በ2014 እና በ2015 ዓመታዊው የዋጋ ንረት 30 በመቶን አልፎ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ በኋላም ብዙ ዕቃ ተወደደ። ለቀጥታ ድጋፍ ተጠቃሚ አሮጊት ሠርታ የምትጨምረው ሌላ ገቢ የለም። ክፍያው በገበያው ልክ ካልተሻሻለ በየወሩ የሚቆረጥባት ያህል ነው።

መዘግየቱ ደግሞ ከማነሱ የማይተናነስ ጉዳት አለው። የሴፍቲኔት ክፍያ በሳምንታት፣ አንዳንዴም በወራት እንደሚዘገይ ፕሮግራሙን የገመገሙ ጥናቶች ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንስቶ ሲጽፉ ኖረዋል። በጀት ከላይ ዘግይቶ ይለቀቃል፣ የተጠቃሚ ዝርዝር ሳይጸድቅ ይቆያል፣ ወረዳው የሥራ ሪፖርቱን ያዘገያል፣ ኔትወርክ ይጠፋል። በቢሮ በኩል ሲታይ ክፍያው በመጨረሻ ተፈጽሟል፤ ሪፖርቱ ላይም መቶ በመቶ ይባላል። በቤተሰቡ በኩል ሲታይ በጓ ተሸጣለች፣ አራጣው ተወስዷል። በታኅሣሥ የመጣ የጥቅምት ብር የሚከፍለው የአራጣውን ወለድ ነው።

ብር ተአምር እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። ክሪስቶፈር ብላትማን፣ ስቴፋን ዴርኮንና ሳይመን ፍራንክሊን በኢትዮጵያ አምስት ድርጅቶች ሥራ ያመለከቱ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን ተከታትለዋል። በዕጣ 300 ዶላር ገደማ ከአምስት ቀን የንግድ ሥልጠና ጋር ያገኙት በዓመቱ ገቢያቸው ምንም ካላገኙት በ33 በመቶ በልጦ ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ ልዩነቱ ጠፋ፤ ያላገኙትም ደረሱባቸው። ገበሬ ላይ ይኸው ይደገማል ማለት አይቻልም። ነገር ግን አንዴ የተሰጠ ብር የዋግን ወረርሽኝ አያቆምም፣ ግማሽ ሄክታርን ሁለት ሄክታር አያደርግም፣ መንገድና ሐኪም አይሆንም። ቤተሰቡ ያለውን ሳይበትን ክፉ ቀን እንዲያልፍ ያደርገዋል፤ በተረፈው ምን ይሠራል የሚለው በመሬቱ፣ በገበያውና በሰላሙ ላይ የተመሠረተ ነው።

በስንዴ መሐል የተረሳ ድሃ

ባሌ ላይ ሌላም ጥያቄ አለ። ሴፍቲኔት የተነደፈው ለዓመታት የእርዳታ እህል ሲቀበሉ ለቆዩ ወረዳዎች ነው። ስለዚህ እንደ ራይቱ ባሉ የባሌ ቆላዎች ሲገባ ትርፍ አምራች የሚባሉት የስንዴ ወረዳዎች በዚህ መስፈርት ውጪ ይሆናሉ። ገንዘብ ውስን በመሆኑ አመዳደቡ ምክንያት አለው። ሆኖም የወረዳው ምርት የሁሉ ቤት ምርት አይደለም። በሲናና ወይም በጋሰራ ኮምባይነሩ ሌት ተቀን በሚሠራበት ሜዳ ዳር፣ ጉልበቷ ያለቀ፣ መሬቷን ለሌላ በእኩል የሰጠች መበለት አለች። የእሷ ድርሻ በጥር ይገባል፣ በሰኔ ያልቃል። ሜካናይዜሽን ሲስፋፋ በአጨዳና በወቂያ የቀን ሥራ ይገኝ የነበረው ገቢም ይጠብባታል። የሚደርስላት ዘካ፣ ዕድርና ዘመድ ነው፤ እነሱም በዋግ ወይም በድርቅ ዓመት አብረዋት ይጎዳሉ።

ኢትዮጵያ በ2007 መግቢያ ላይ ያጸደቀችው ብሔራዊ የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲ ችግረኛው የትም ወረዳ ቢኖር ጥበቃ የሚያገኝበትን ሥርዓት በደረጃ ለመገንባት ቃል ገብቷል። የብሩ መንገድም ተጠርጓል፤ ስልኩ አለ፣ ወኪሉ አለ፣ በየቀበሌው ችግረኛውን በስም የሚያውቅ ዕድርና ኮሚቴ አለ። ከዚህ በኋላ የሚቀረው የአሠራር ጉዳይ ነው። የክፍያው ቀን አስቀድሞ ይታወጅ፤ በዚያው ቀንም ይከፈል። ተመኑ በየዓመቱ ከአካባቢው የእህል ዋጋ ጋር ይስተያይ። የክፍያ ወራቱ የየአካባቢውን መዝሪያና መሰብሰቢያ ይከተል፤ ዓመቱን በጋናና በቦና ለሚቆጥረው ባሌ ለትግራይ የተሠራ የጊዜ ሰሌዳ አይስማማውም። በትርፍ አምራች ወረዳ ያለች ጉልበት አልባ እናትም በወረዳዋ ምርት ምክንያት ከመዝገብ አትውጣ። ከእነዚህ ውስጥ አስቀድሞ በሰዓቱ መክፈል ቢስተካከል ተጨማሪ በጀት ሳይጠይቅ ብዙ በጎች ከሽያጭ ይድናሉና፣ የወረዳና የክልል ኃላፊዎች ከዚያ ቢጀምሩ መልካም ነው።